ጥቅሻ

ያዝድ፣ በሰኔ ማብቂያ፣ ነፋስ በራቀው ቀን፣
የጭቃ ማማዎች አፋቸውን ከፍተው ሲለምኑ አየርን፣
ከክሊኒኩ ጓሮ፣ ከናሙናው ማቀዝቀዣ ጎን፣
ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ ማተሚያ፣ የወረቀት ክምር፤
ይኸው ነው መጽሔቱ፣ የሥነ ተዋልዶ ምርምር
በየሦስት ወሩ የሚወለድበት፣ ያለ እልልታ፣ ያለ ግርግር።
እኔ እዚህ የማጣቀሻ አራሚ ነኝ፤ ነጠላ ሰረዝ ለቃሚ፣
የሰው ስም አቃኚ፣ የገጽ ቁጥር አስታማሚ።

ዛሬ ውጤት ይመጣል።
የዓመት ልፋት ሁሉ በአንድ ነጥብ ይጠቀለላል፤
የጠቀሰን ሰው ብዛት ከላይ ይቀመጣል፣
የሁለት ዓመት ጽሑፋችን ከታች ሆኖ ያካፍላል፤
ተካፍሎ የወጣው፣ እሱ ክብር ይባላል።

ፌሩዜ ስክሪኑን ታድሳለች፣ ታድሳለች፣ ተስላ፤
ዶክተር ማህላቃ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ።
ካቻምና ዜሮ ነጥብ ሦስት፣ አምና ዜሮ ነጥብ አራት፤
"እንደ ፅንስ ነው" አለች ፌሩዜ፣ "በሚሊ ሜትር ነው እድገቱ፣ በትዕግሥት።"
ማህላቃ አልሳቀችም።
በአልትራሳውንዱ መስኮት ስንት ነጥብ አይታለች፣
ሰኞ ስትመታ የነበረች፣ ሐሙስ የጠፋች።

በጥር ደብዳቤ መጥቶልን ነበር፣
ከአንድ ሌላ መጽሔት፣ ወንበሩ ከሚከበር፤
"ጥቀሱን" ይላል፣ "እኛም እንጠቅሳችኋለን፣
ሠላሳ በሠላሳ፤ ከመጨረሻው ሩብ እናወጣችኋለን።"
ማህላቃ አነበበች፤ አጠፈች፤ ዘረጋች፤
"ይሄማ ጥቅስ አይደለም፣ ጥቅሻ ነው" አለች፣
"በሠርግ ቤት ግርግር ባለ ትዳር ለባለ ትዳር የሚሰደው።"
ከዚያ የሻይ ብርጭቆዋን አንስታ ደብዳቤው ላይ አኖረችው።
የቦርዱ አለቃ፣ ኦስታድ ጀምሺድ፣ ሰምቶ ከፋው፤
"ንጽሕና ቀለም አይገዛም፤ በጀቱ በቁጥር ነው የሚመጣው።"
አልዋሸም። ያለፈው እትም የታተመው
ፌሩዜ የእጅ አምባሯን ሸጣ ነው።

አሁን ስክሪኑ በራ፦ ዜሮ ነጥብ ሦስት ስምንት።
ወረድን። ማቀዝቀዣው ብቻ ሲያጉረመርም፣ እኛ ጸጥታ የዋጠን ሦስት።

ማታ፣ ሁሉም ከሄዱ በኋላ፣ መልእክት ገባ ከኡላንባታር፤
ኦዩንጌሬል የምትባል አዋላጅ ጽፋለች፣ ስለ አንድ ቁምነገር፦
ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት እኛ ያሳተምነው፣
በሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሴቶች ላይ የተሠራው፣
ስለዚያ ውድ መርፌ፤ "ልዩነት አልተገኘም" የሚለው፣
ማንም ያልጠራው፣ ማንም ያላስታወሰው፣
እሷ ጠቀሰችው። አለቆቿን አሳየች። በሆስፒታሏ መርፌው ቀረ፤
ለመርፌ ግመሉን ሊሸጥ የነበረ ባል፣ ግመሉን ይዞ አደረ።

ቆጠርኩት፤ አይቆጠርም።
ሁለት ዓመት ነው ሕጉ፤ አሥራ አንደኛው ከቀመሩ አይገባም፤
ዘግይቶ የመጣ ልጅ ከርስቱ አይካፈልም።

ያን ጽሑፍ ደግሜ ከፈትኩት። ሠንጠረዥ ሦስት፤
"አልፀነሱም" የሚለው ዓምድ፤ መቶ ስልሳ ስምንት።
ከነሱ አንዷ እህቴ ናት።
ሃያ ሰባት ጠዋት በአውቶቡስ መጥታ ክንዷን የሰጠች፣
በመጨረሻው ቀን ለነርሷ ሮማን ይዛ የመጣች።
ስሟ አልተጻፈም። ድምሩ ውስጥ ናት፤
እሷን ብታነሳ መቶ ስልሳ ሰባት።

ለማህላቃ ነገ እነግራታለሁ፤ ምናልባት ትስቃለች።
ምናልባት ደግሞ መነጽሯን አውርዳ ትጠርጋለች።
የሚቀጥለው እትም ገና አላለቀም፤
ገጽ አርባ፣ ማጣቀሻ ሰባት፣ ከደራሲዋ ስም በኋላ ነጥብ የለም።
ቀዩ እስክሪብቶዬ ደርቋል፤ ከማተሚያው ጠርሙስ ቀለም ጠቀስኩ፣
አንዲት ነጥብ አኖርኩ።